ሬዲዮ ጀልባ ላይ ወጣች

ጥቅምት 12

ሰጡኝ! እትዬ፣ ሰጡኝ! ጀልባዋን ሰጡኝ! ጀልባዋን እንኳ አይደለም፣ ድምፅ ማጉያውን። የሐይቁ ጉዞ አስጎብኚ ሆንኩልሽ! ደስታዬን የማደርግበት ጠፍቶኝ ጎረቤቱን ሁሉ አንድ በአንድ አቅፌ ጨረስኩ፤ አሁን የቀረሽው አንቺ ነሽ።

ሰላምታውን ዘለልኩት አይደል? እሺ፣ ልመለስበት። ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ቆመሽ ስትውዪ የሚያብጠው እግርሽስ ተሻለው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴም፣ ፀጉር ቤቱም፣ ጣሪያችንም ደህና ናቸው። ጤናሽን ያብዛልሽ፣ እዚያ በሰው አገር በሆስፒታል ልብስ ንጽሕና ክፍል የምትተኩሺውን አንሶላ ሁሉ ቀለል ያድርግልሽ። በቃ፣ ሰላምታው አለቀ። አሁን ወሬው።

ወጣቱ አስጎብኚ ሌላ ከተማ አግብቶ ሄደ። የጀልባዋ ባለቤት፣ እሜቴ፣ መቼም ስማቸውን ደፍሮ የሚጠራ ስለሌለ ሁላችንም እሜቴ ነው የምንላቸው፣ በሱ ቦታ ሰው ሲሞክሩ ከረሙ። አንዱ ገና ጀልባዋ ሳትነሳ አስመለሰው። አንዷ ድምፅ ማጉያ ይዛ እንኳ የትንኝ ያህል ነው የምትሰማው። ሌላው ደግሞ ተሳፋሪውን ተቆጣ። ታዲያ ማክሰኞ ዕለት መስኮቴ ላይ ሆኜ ለአንድ ሽማግሌ ትኬት ስቆርጥ፣ «ኧረ ለመሆኑ እዚያ ምን ይታያል?» አሉኝ።

ምን ይታያል ተብዬ ዝም እላለሁ? ጀመርኩላቸው። ሸምበቆውን፣ አፍንጫ የሚባለውን ዓለት፣ ዋሻዎቹን፣ ግድግዳ የሚባለውን ገደል፣ ብቻ ተሳፋሪ ሲመለስ ከሚያወራው የለቃቀምኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። ሰልፉ ይረዝማል፣ የሚያጉረመርም ግን የለም፤ እንደውም ከኋላ ያሉት «ጮክ በይ» ይላሉ። እሜቴ ለካ ከኋላዬ ቆመዋል።

«አንቺ፣ ይኼን ሁሉ መቼ አየሽው?» አሉኝ።

«አላየሁትም እሜቴ።»

«እንዴት ነው የማታዪው? እዚሁ ስታረጂ አይደል እንዴ?»

«መስኮቱ የሚያየው ወደ መንገዱ ነዋ። ሐይቁን የምታየው ጀርባዬ ናት።»

ሳቁ! እሜቴ ሲስቁ ያየ ሰው አለ? ግን እውነቴን ነው እትዬ፤ አስቢው እስቲ። ያንቺ እህት ፀጉሯ እስኪሸብት የሐይቅ ጉዞ ትኬት ስትቆርጥ ኖራ ከሸምበቆው አልፋ አታውቅም። ጀልባዋ ስትወጣ እኔ መስኮቱ ላይ ነኝ፤ ስትመለስም እዚያው ነኝ። እኔ የማርፍበት ሰኞ ደግሞ ጀልባዋም ታርፋለች።

አንድ ነገር ብቻ አለ፣ እንዳትቆጪ። ሙከራ ነው። እሜቴ እንዲህ አሉኝ፦ «የመጀመሪያውን ጉዞ ራሴ ተሳፍሬ አይሻለሁ። ከወደድኩት ቋሚ ነሽ። ካልወደድኩት ግን መስኮቱን ሌላ ልጅ ይዛዋለችና መመለሻ የለሽም፣ ወደ ቤትሽ ነው።» እሺ አልኩ። አፌ ነው እሺ ያለው፣ እኔ ገና እያሰብኩ ነበር። ጀልባዋ ቀለም እየተቀባች፣ ሞተሯም እየታደሰ ስለሆነ ጉዞው ታኅሣሥ ላይ ነው። እስከዚያ ልጁ ትቶልኝ የሄደውን ንግግር አጠናለሁ።

ስልክ ለምን አልደወልሽም እንዳትዪኝ። በስልክ «ቶሎ በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ትይኛለሽ። በደብዳቤ ግን ልታቋርጪኝ አትችይም!

ናፋቂሽ፣ አንቺው ባወጣሽልኝ ስም፣

ሬዲዮ


ኅዳር 8

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ላንቺም ለባለቤትሽም ጤናና ሰላም እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እግሬ ደህና ነው።

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀመርኩት፣ ተቀምጬ ጨረስኩት። መስኮቱን ለቀቅሽው ማለት ነው? ያንን መስኮት ለማግኘት ከመሄዴ በፊት የእሜቴን ደጅ ስንት ጊዜ እንደጠናሁ አንቺ አታውቂም። ወንበር ያለው፣ ጣሪያ ያለው፣ ዝናብ የማይነካው ሥራ ነበር። እኔ እዚህ ሆኜ በክረምት ዝናብ ሲጥል «ይኼኔ እሷ ጣሪያ ሥር ናት» እያልኩ ነው የምጽናናው። አሁን ምን ብዬ ልጽናና?

ማውራት ሥራ ሆኖ? ማውራት ሥራ ቢሆን ኖሮ አንቺ ትምህርት ቤት ሳትገቢ ጡረታ ትወጪ ነበር። እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይቺን ልጅ ዝም አሰኚልኝ» ብላ አደራ የሰጠችው ለእኔ ነው። እስከ ዛሬም አልቻልኩም።

የሆነው ሆኗል። አሁን ስሚኝ። የተጻፈውን ብቻ ተናገሪ። ከራስሽ አትጨምሪ። ስለ ጎረቤት አታንሺ። ስለ ባለቤትሽ አታንሺ። ስለ እኔ ደግሞ ጨርሶ አታንሺ። እሜቴ ቀልድ የሚወዱ መስሎሽ እንዳትታለዪ፤ አንድ ጊዜ ከሳቁ ለዓመት ይበቃቸዋል።

የትከሻሽን ስፋት ላኪልኝ። ሐይቅ ላይ ነፋስ አለ፣ ካፖርት እልክልሻለሁ።

ዘንድሮም መምጣቴን እንጃ። ሥራው በዝቷል። በሚቀጥለው እናያለን።

እህትሽ


ኅዳር 21

ይድረስ ለተቆጣችው እህቴ፣ ቁጣዋ እንኳ ለሚናፍቀኝ።

እንደምን አለሽ? ፈጣሪ ልብሽን ያራራልሽ፣ በተለይ በእኔ ላይ። ትከሻዬን ባለቤቴ በክር ለካው፤ ክሩን ደብዳቤው ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ክሩ ረዘመ ብለሽ እንዳትስቂ። ወፍሬያለሁ። እሱ «አልወፈርሽም» ብሎ ሊያሳጥረው ነበር፣ እኔ ነኝ የከለከልኩት።

ንግግሩን በቃሌ ይዤዋለሁ! የምለማመደው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱ ላይ ምላጭ ስላለ ተነስቶ አይሄድም። ማበጠሪያውን እንደ ድምፅ ማጉያ ይዤ «ክቡራትና ክቡራን፣ በግራችሁ በኩል የምትመለከቱት…» ስል አንዱ ደንበኛ እውነት መስሎት ወደ ግራ ዞር! ባለቤቴ ጮኸ። የሰውየው ጆሮ ለጥቂት ተረፈች። አሁን ባለቤቴ ለምዶታል፤ «በግራችሁ» ስል ምላጩን ያነሳል፣ «እንቀጥላለን» ስል ይቀጥላል። በእኔ ንግግር ጢም እየተላጨ ነው እልሻለሁ።

ጀልባ ነጂያችንንም ተዋወቅኳቸው። እኔ በመስኮት እሳቸው በውሃ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን አንድ ቦታ ስንሠራ ከሰላምታ አልፈን አናውቅም ነበር። ሰው ሁሉ «አቶ እህ» ነው የሚላቸው፣ ከዚያ በላይ ሲናገሩ የሰማ ስለሌለ።

«አባባ፣ ንግግሬ ላይ የሚጨመር ነገር አለ?» አልኳቸው።

«እህ።»

«ወይስ የሚቀነስ?»

«እህ።»

«እንግዲህ እንዳለ ይሁን?»

ቀና ብለው አዩኝና «እህ» አሉ። ይቺኛዋ ግን ለስለስ ያለች ነበረች፤ እንደ ፈቃድ ቆጠርኳት።

በሚቀጥለው እናያለን ያልሽውን አነበብኩት። ምንም አልልም። አየሽ? ምንም አላልኩም።

መልስሽን ቶሎ። ከጉዞው በፊት አንድ ቃል «በርቺ» ብትዪኝ፣ እመኚኝ፣ ነፋሱ አይበርደኝም።

ሬዲዮ


ታኅሣሥ 17

እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ። መልስሽም አልደረሰኝም፣ ካፖርቱም አልደረሰኝም፣ ግን ልጠብቅ አልቻልኩም። ሥራዬን ሳላጣው አልቀርም። ከዚያ በፊት ያየሁትን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ካጣሁትም የማጣው በሱ ነው።

ጠዋት ወጣን። ጀልባዋ ነጭ በነጭ ተቀብታለች፣ አንድ ወንበር ባዶ የለም። እሜቴ ኋላ ላይ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እንደ ዳኛ ተሰይመዋል። አቶ እህ ከላይ የመስታወት ክፍላቸው ውስጥ ናቸው። እኔ ከፊት፣ ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጄ አንቄ።

ሸምበቆው ጋ ጥሩ ነበርኩ። በጣም ጥሩ! አንዲት ሴትዮ «እህት፣ አየር የምትስቢው መቼ ነው?» ስትለኝ ጀልባው ሁሉ ሳቀ። እሜቴም ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰች፤ አይቻለሁ። በቃ ገባሁ፣ ቋሚ ሆንኩ አልኩ በልቤ።

ከአፍንጫው ዞር ስንል ግን ሐይቁ ሌላ ሐይቅ ሆነ።

እንዴት ብዬ ልንገርሽ? በእኛ በኩል ዳርቻው ለጥ ያለ ነው አይደል፤ ውሃው መጥቶ ሣሩን ነካ አድርጎ ይመለሳል። እዚያ እንደዚያ የለም። ምድሪቱ ድንገት ተነስታ ትቆማለች። ዓለቱ ከእሳት እንደወጣ ሸክላ ቀይ ነው። ቤት የሚያካክሉ ድንጋዮች ከላይ ተገምሰው ውሃው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ መቼ እንደወደቁ የሚያውቅ የለም፣ ማዕበሉ ግን ዛሬም አልለመዳቸውም፣ እየመጣ ይመታቸዋል። ዛፎች አሉ፣ አፈር የላቸውም፤ ሥሮቻቸውን እንደ ጣት ዘርግተው ስንጥቁን ጨብጠው ወደ ውሃው አጎንብሰዋል። ዋሻዎቹ ጋ ደግሞ ውሃው ይገባል፣ ይቆያል፣ ተመልሶ ይወጣል፤ ልክ የተኛ ሰው እንደሚተነፍስ። እኔ «በግራችሁ በኩል» እላለሁ፣ ግን ድምፄ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄደ።

ከዚያ ግድግዳው መጣ።

እትዬ፣ ይኼን ስም ለስንቱ ሰው በመስኮት ሸጬዋለሁ! ግድግዳ ስል የቤት ግድግዳ ነበር የሚመስለኝ፣ ትንሽ ከፍ ያለ። ቀና አልኩ። አሁንም ቀና አልኩ። የራስ ሻርፔ ከኋላዬ ወደቀ። አያልቅም። አናቱ ላይ ነጥብ የምታክል ነገር ትዞራለች፤ ንስር ናት አሉ። ታጥፎ የተደረደረ አንሶላ ጎኑን ታውቂዋለሽ፣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ነጭ፣ ግራጫ፣ ነጭ፣ ቡኒ፣ እጥፍ በእጥፍ ላይ። ግድግዳው እንደዚያ ነው፣ ዓለት ሆኖ። አንድ እጅ ተራራውን እንደ ጨርቅ አጣጥፎ፣ አንዱን ጥግ ጎተት አድርጎ፣ እንዳለ ትቶት የሄደ ነው የሚመስለው። እኔ ከዚህ ጎን ተወልጄ፣ አድጌ፣ አርጅቼ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ትኬት ስቆርጥ፣ እሱ ይኼን ሁሉ ጊዜ እዚህ ቆሞ ነበር!

አፌ ተሳሰረ። እውነት እልሻለሁ። ንግግሩ እዚህ ጋ «ይህ የተፈጥሮ ድንቅ ነው» ይላል። ማን ነው «ድንቅ» የሚለው? ያቺን ቃል ላወጣት አልቻልኩም፣ አነሰችብኝ። ዝም አልኩ። እኔ!

ጀልባዋ ቀስ አለች። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። እኔ አቶ እህ ሆን ብለው፣ ሰዉ በደንብ እንዲያይ ያቆሙት መስሎኝ፣ እስኪቀጥሉ ጠበቅኩ። ለምን ቆምን ብሎ የጠየቀም የለም።

ሞተሩ ሲጠፋ የመጣውን ዝምታ እንዴት አድርጌ ልጻፍልሽ! መጀመሪያ ማዕበሉ ጀልባዋን ሲነካ ተሰማ። ቀጥሎ ዋሻዎቹ። ከዚያ በኋላ፣ ሁላችንም አንድ ላይ አንገታችንን አቀናን፤ ከዓለቱ ሆድ ውስጥ ውሃ ይወርዳል! አይታይም። ከውስጥ ነው፣ ከግድግዳው ጀርባ፣ ከላይ እስከ ታች ሲወርድ ይሰማል፣ እንደ ሩቅ ዝናብ። ጀልባዋ እዚያ ስትመላለስ የኖረችው ስንት ዓመት ነው? አንድም ሰው ሰምቶት አያውቅም፤ ሞተሩ ሸፍኖት ነበራ።

የጀልባዋ ሞገድ ሲረጋ ደግሞ ወደ ታች አየን። ውሃው እንደ መስታወት ጠራ። ግድግዳው እትዬ፣ ውሃው ጋ ሲደርስ አያልቅም። እጥፉ፣ ነጩ፣ ግራጫው፣ እንዳለ ወደ ታች ይሄዳል፤ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ሰማያዊ ይሆናል፣ ጥቁር ይሆናል። ለካ እኛ ከሥሩ አይደለንም፤ ከመካከሉ ላይ ነን፣ ከላያችን ያለውን የሚያህል ከበታችን ተንጠልጥሎ። ያቺ አየር መቼ ነው የምትስቢው ያለችኝ ሴትዮ እጄን ያዘችኝ። አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለማን እንዳወለቀ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

እንደዚህ ሆነን ስንት እንደቆየን እንጃ። የመስታወቱ ክፍል በር ተከፈተና አቶ እህ ወረዱ።

«ተበላሸ?» አሉኝ በሹክሹክታ። አንድ ሙሉ ቃል!

«ምኑ አባባ?»

«ድምፅ ማጉያው።»

«ኧረ አልተበላሸም።»

«ታዲያ እንቀጥላለን በያ!»

ለካስ እሳቸው ጀልባዋን የሚነዱት በአስጎብኚው ንግግር ነው! «በግራችሁ» ሲባል ወደ ዳር ይጠጋሉ፣ «ይህ የተፈጥሮ ድንቅ» ሲባል ቀስ ይላሉ፣ «እንቀጥላለን» ሲባል ይነሳሉ። ዘመናቸውን ሙሉ እንደዚያ ነው። ማን ይነግረኛል? እሳቸው እንደሆኑ «እህ» ነው ያሉኝ። ድምፄ ሲጠፋባቸው የሞተሩ ጩኸት የሸፈነው መስሏቸው፣ እኔን ለመስማት ብለው ነው ያጠፉት። እኔ እሳቸውን ስጠብቅ፣ እሳቸው እኔን ሲጠብቁ!

«እንቀጥላለን» አልኩ። ስንመለስ ሁለተኛው ዙር ተሳፋሪ ወደቡ ላይ ፀሐይ እየመታው ያጉረመርማል፣ ግማሹ ገንዘቤ ይመለስ ብሎ ሄዷል። እሜቴ መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፣ ከቁጣ ይሁን ከምን እንጃ።

«እንድታወሪ ቀጠርኩሽ፣ ዝም አልሽ» አሉኝ። «እስክጠራሽ ቤትሽ ጠብቂ።»

ይኸው እየጠበቅኩ ነው። መስኮቱ የለም፣ ጀልባዋም የለችም። «አላልኩሽም ወይ?» በይኝ፤ ብለሽኛል። ግን እትዬ፣ ሥራው ቢቀርብኝ አለቅሳለሁ፣ ያንን ቦታ ሳላየው ብቀር ኖሮ ግን የማለቅስበትን እንኳ ሳላውቅ እሞት ነበር።

ሬዲዮ


ጥር 15

ይድረስ ለእህቴ።

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ከመልስ የዘገየሁት ታምሜ አይደለም። ካፖርቱን ልኬዋለሁ፣ መዘግየቱ የፖስታው ነው። የደብዳቤው መዘግየት ግን የእኔ ነው። ልጽፍ ስቀመጥ ወረቀቱ ባዶውን ይቀራል። እንደምታውቂው ወሬ ላንቺ ነው የተሰጠው።

የምንሠራበት ክፍል ምድር ቤት ነው። ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። መስኮት የለውም። ደብዳቤሽን እዚያው በሻይ ሰዓት ከፈትኩት። ስለ አንሶላው የጻፍሽው ጋ ስደርስ ቀና ብዬ መደርደሪያውን አየሁ። ነጭ፣ ግራጫ፣ ነጭ። ስንት ዓመት ሙሉ ያጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ጎኑን ግን አይቼው አላውቅም። ደብዳቤው በእጄ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ።

አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች «ምነው፣ ሰው ሞተ?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። ምን እንደሆነ ንገሪን አሉ። በተሰባበረ ቋንቋዬ ተረጎምኩላቸው። ዓለቱን፣ ዋሻዎቹን፣ ከውስጥ የሚወርደውን ውሃ። ያንቺን ያህል አላሳመርኩትም፣ እነሱ ግን ሻያቸው ቀዘቀዘ። አንዷ «ይኼ ቦታ የት ነው?» አለችኝ። አገሬ ነው አልኩ። «አንቺስ አይተሽዋል?» አለችኝ።

ከከተማችን የወጣሁ ዕለት አውቶቡሱ በሐይቁ ዳር ነው ያለፈው። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እያየሁት መሄድ የምችል አልመሰለኝም። በየዓመቱ ሥራ በዝቷል የምልሽም ሥራ በዝቶ አይደለም። መምጣቱ አይደለም የሚያስፈራኝ፤ እንደገና መለየቱ ነው። ይኼን በስልክ አልልሽም ነበር።

እሜቴ ምን አሉ? ያባረሩሽ እንደሆነ ንገሪኝ፣ አልቆጣም። ያባረሩሽም እንደሆነ ትኬት እንደማንም ሰው ቆርጠን እንሳፈራለን። ፈቃድ ጠይቄ ተሰጥቶኛል። መጋቢት ሲገባ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ግድግዳውን ለማየት የምቀመጠው በየትኛው በኩል ነው?

በርቺ። በሰዓቱ ስላላልኩሽ ይቅርታ።

እህትሽ


የካቲት 6

ቋሚ ሆንኩ! እትዬ ትመጫለሽ! ቋሚ ሆንኩ! የቱን አስቀድሜ እንደምጮህ ጠፍቶኝ ባለቤቴን ሁለቱንም በአንድ ጆሮው ነው የነገርኩት፤ ሌላው ጆሮው ለደንበኞቹ ይቆይ ብዬ።

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ አሜን፣ ወደ ወሬው።

እሜቴ ጭጭ አሉ። ሳምንት ሄደ፣ ሌላም ሄደ። ጀልባዋ ያለ አስጎብኚ ትወጣለች፤ እኔ ቤት ሆኜ ድስት ሳጥብ እንኳ «በግራችሁ በኩል» እላለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ባለቤቴ ምሳ ሰዓት ላይ እየሮጠ መጣ፣ መቀሱ በእጁ፣ ደንበኛውን ግማሽ ተቆርጦ ትቶት። ሰውየው ወንበሩ ላይ ሆኖ ምን አለ መሰለሽ? «እዚህ አገር አንዲት ሴት አለች አሉ፣ ስታወራ ስታወራ ቆይታ ግድግዳው ሥር ስትደርስ ዝም የምትል፤ እሷ ያለችበትን ጀልባ ብዬ ከሩቅ መጥቼ የለችም ይሉኛል።» ባለቤቴ «ሚስቴ ናት!» ብሎ ሮጠ።

መስኮቱን የያዘችውም ልጅ ነገረችኝ። ሰው እየመጣ «ዝም የሚባልበት ጉዞ መቼ ነው?» እያለ ይጠይቃታል። እሜቴ ብልህ ናቸው፤ ያለ እኔ ሞከሩት። ግድግዳው ሥር ሞተሩን አስጠፉ። ሰዉ ምን ያደርጋል? ያወራል! ስልክ ይደውላል፣ ይሳሳቃል፣ «ምን ተበላሸ?» ይላል። የዓለቱን ውሃ የሰማ የለም። ትናንት አስጠሩኝ።

«ገባኝ» አሉኝ። «ዝምታው የሚያምረው አንቺ ካወራሽ በኋላ ነው። ከሸምበቆው ጀምረሽ ጆሯቸውን ስትሞዪው፣ ስትሞዪው ቆይተሽ ድንገት ስታቆሚ፣ ያን ጊዜ የቀረውን ሁሉ ይሰማሉ።» ከዚያ መስኮቱን እያዩ፣ እኔን ሳያዩ፣ «እኔም ጀልባዋ የእኔ ሆና ሰምቼው አላውቅም ነበር» አሉ።

በደሞዝ ዝም ልል እትዬ! እናታችን ብትሰማ!

የምትቀመጪው በግራ በኩል ነው፣ ከፊት፣ ከእኔ አጠገብ። ወደ ላይ ለማየት አንገትሽን አታድክሚ፤ መጀመሪያ ወደ ታች እዪ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ቀና በይ። እኔ እንደተሳሳትኩት አትሳሳቺ፣ ሻርፕሽን ጠበቅ አድርጊ። ስለ መለየቱ አሁን አናወራም። ያኔ ስትሄጂም በሐይቁ ዳር ነው የምታልፊው፤ አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል አስቀምጥሻለሁ፣ ዓይንሽን ከፍተሽ ታልፊያለሽ።

ካፖርቱ ደረሰ፣ ልክ ነው፣ ክሩ አልዋሸም።

እንግዲህ ለሁሉም ተናግሬያለሁ፣ ለአክስቶቻችንም፣ ለአጎታችን ልጆችም፣ ለጎረቤቱም፣ አንቺም እዚያ ያሉ ዘመዶቻችንን ሁሉ ንገሪልኝ። እሜቴ ጀልባዋን ለቤተሰቤ ብቻ ለቀውልኛል። ባለቤቴ ፀጉር ቤቱን ይዘጋል። ዓሣ እንጠብሳለን፣ ዳቦ እንቆርሳለን፣ እስክንመለስ አወራላችኋለሁ፣ ግድግዳው ሥር ብቻ ሁላችንም ዝም እንላለን። የሚቀር ሰው ምክንያቱን እንዳይነግረኝ፣ አልሰማውም። እሁድ መጋቢት 13፣ ጠዋት፣ ወደቡ ላይ፣ ሁላችሁም!

ሬዲዮ